ባለቤት የሌለው ችግር

የመመረቂያ ፕሮጀክታችን «ኤ» አገኘ። አራት ሆነን የሠራነው የአንድ ጤና ጣቢያ የካርድ ክፍል ሲስተም ነበር። ከመቶ ገጽ በላይ ሰነድ ጽፈናል፤ ዲያግራሙ ተሟልቷል፤ ጥራዙ ላይ ርዕሱ በወርቃማ ቀለም ታትሟል። ጤና ጣቢያው ድረስ የሄድነው ግን አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እሱም ደብዳቤ ላይ ማኅተም ለማስመታት። ካርድ ክፍል የሚሠሩትን ሴትዮ «ቀኑን ሙሉ ምን ያስቸግርዎታል?» ብለን አልጠየቅናቸውም። ሲስተሙ እስከ ዛሬ የአንድ ሰው ካርድ ፈልጎ አያውቅም።

ተመርቄ ሥራ ስፈልግ ሆሳዕና ቤተሰቦቼ ጋ ተመለስኩ። አንድ ቀን የሰፈራችን እድር ጸሐፊ መንገድ ላይ አስቆሙኝ። «አንተ ልጅ፣ ኮምፒውተር ተምሯል አሉ። እስቲ ይህን መዝገብ አስገባልኝ።» እኔም «ምን ችግር አለው ጋሼ፣ በሁለት ቀን እጨርሰዋለሁ» አልኩ። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ሸምድጄ ያለፍኳቸው ነገሮች ለምን እንዳስፈለጉ የገባኝ በነዚያ ሦስት ሳምንታት ነው።

ዛሬ በሶፍትዌር ምሕንድስና ላይ የድኅረ ምረቃ ምርምር እየሠራሁ ነው። በሙያችን ስብሰባዎች አንድ ሐረግ ደጋግሞ ይሰማል፦ «ችግርን መሠረት ያደረገ ትምህርት»። ተመራቂው ሥራ የሚያጣው ችግር መፍታት ስላልተማረ ነው፣ ስለዚህ በችግር እናስተምረው ይባላል። ሐሳቡን እወደዋለሁ። አተገባበራችን ላይ ግን ቅሬታ አለኝ። የኮምፒውተር ትምህርታችን ችግር አላጣም፤ ያጣው የችግሩን ባለቤት ነው።

ሐሳቡ ከየት መጣ?

እ.ኤ.አ. በ1969 በካናዳ ሃሚልተን ከተማ የሚገኘው ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያዎቹን የሕክምና ተማሪዎች ሲቀበል የትምህርቱን ቅደም ተከተል ገለበጠው። በተለመደው አካሄድ መጀመሪያ ሌክቸር፣ ቀጥሎ መጽሐፍ፣ መጨረሻ ላይ በሽተኛ ይመጣል። እዚያ በሽተኛው ቀደመ። ጥቂት ተማሪዎች አብረው ይቀመጡና የአንድ ታማሚ ታሪክ ይሰጣቸዋል። የሚያውቁትን፣ የሚገምቱትንና የማያውቁትን ለይተው ይጽፋሉ። የማያውቁትን ተከፋፍለው ሄደው ያነባሉ፤ ተመልሰው እርስ በርስ ያስተምራሉ። መምህሩ መልስ ከመስጠት ይልቅ ጥያቄ ይጠይቃል።

የኔዘርላንዱ ማስትሪክት ዩኒቨርሲቲ ሐሳቡን ወሰደ። እ.ኤ.አ. በ1974 የተመሠረተው የዴንማርኩ ኦልቦርግ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ምሕንድስናን ጨምሮ ትምህርቱን በቡድን ፕሮጀክቶች ዙሪያ አዋቀረ።

ነገሩ ለአገራችንም እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1954 የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎችን በአንድ ቡድን አድርጎ ወደ ጤና ጣቢያ ይልክ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1983 የተቋቋመውና በኋላ የጅማ ዩኒቨርሲቲ አካል የሆነው የጅማ የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩትም ማኅበረሰብን መሠረት ያደረገ ትምህርትን መለያው አደረገ። ተማሪው ቀበሌ ይወርዳል፤ ከነዋሪው ጋር ሆኖ የጤና ችግር ይለያል፤ ዕቅድ ያወጣል።

እነዚህን ሁሉ የሚያገናኝ አንድ ነገር አለ። ችግሩ የሆነ ሰው ነው። ታማሚው «አሁንም ያመኛል» ይላል፤ የቀበሌው ነዋሪ «ምንጩ ዛሬም ደፍርሷል» ይላል። ተማሪው ተሳስቶ ከሆነ ከመምህሩ ሌላ የሚነግረው አለ።

የኛ ፕሮጀክት እንዴት ይሠራል?

አሁን ወደ ኮምፒውተር ክፍል እንግባ። ሥርዓተ ትምህርታችን በአገር ደረጃ የተቀራረበ ስለሆነ የምለው ስለ አንድ ግቢ አይደለም። ወረቀት ላይ ሁሉም አለ፦ ኢንተርንሺፕ አለ፣ የመመረቂያ ፕሮጀክት አለ፣ የቡድን ሥራ አለ። ችግሩ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው።

እኛ መጀመሪያ ያገኘነው ርዕሱን ነው። ርዕሱ ደግሞ «የእንትን ማኔጅመንት ሲስተም» የሚል ቅርጽ ነበረው፤ በእንትን ቦታ ሆስፒታል፣ ቤተ መጻሕፍት፣ ሆቴል ወይም የተማሪ መዝገብ ይገባል። ርዕሱ ከጸደቀ በኋላ «የችግሩ መግለጫ» የሚባለውን ምዕራፍ ጻፍን። ምን እንደሚል ልንገራችሁ፦ «አሁን ያለው አሠራር በእጅ ስለሆነ ጊዜ ይፈጃል፤ መረጃ ይጠፋል።» በቃ። ካለፈው ባች ጥራዝ ላይ የሆስፒታሉን ስም ብንቀይር ማንም ልዩነቱን አያይም ነበር።

ይህ ማለት መፍትሔው ከችግሩ ቀድሞ ተወስኗል ማለት ነው። ዳታቤዝ እንደምንሠራ፣ የመግቢያ ገጽና የይለፍ ቃል እንደሚኖረው፣ «አስገባ፣ አስተካክል፣ ሰርዝ» የሚሉ ሦስት ቁልፎች እንደሚኖሩት እናውቅ ነበር። የማክማስተሩ ተማሪ ሦስት ዝርዝር ነበረው፤ ከኛ ዝርዝር «የማናውቀው ምንድን ነው?» የሚለው ተፋቀ። ፕሮጀክቱን ያቀረብን ቀን የገመገሙን መምህራን ብቻ ናቸው። የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ አልተጠሩም። ቢጠሩ ምን ይሉ እንደነበር የገባኝ እድሩ መዝገብ ላይ ስቀመጥ ነው።

መዝገቡ ውስጥ ያገኘሁት

መዝገቡ ወፍራም ደብተር ነው። ሁለት መቶ የሚጠጋ ስም፣ የመዋጮ ቀን፣ ቅጣት፣ ድንኳንና ወንበር የወሰደ ሰው። ኤክሴል ከፈትኩና መጻፍ ጀመርኩ። የመጀመሪያው ቀን ሳያልቅ ነገሩ ተበላሸ።

ሃዲያ ውስጥ የተለመደ አንድ ስም ልውሰድ፦ ሃንዲሶ። ደብተሩ ላይ አንዱ ገጽ ሃንዲሶ ይላል፤ ሌላው ሀንዲሶ፤ ሌላው ሐንዲሶ። ለጆሯችን አንድ ነው። ለኮምፒውተር ግን እያንዳንዱ ፊደል ቁጥር ነው። ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ሰንጠረዥ ሃ ቁጥሩ 4611 ነው፣ ሓ 4627፣ ኃ ደግሞ 4739። ስለዚህ «ሃንዲሶ»ን ስፈልገው «ሓንዲሶ»ን የለም ይለኛል። የመጀመሪያው ፊደል በስድስት መንገድ (ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ)፣ የመጨረሻው በሁለት (ሶ፣ ሦ) ሊጻፍ ይችላል፤ ስድስት ጊዜ ሁለት 12። አንድ ሰው ለኮምፒውተሩ 12 ሰው ሊሆን ይችላል። እስቲ «ሆሳዕና»ን ራሳችሁ ሞክሩት። ሆ በሦስት፣ ሳ በሁለት፣ ዕ በሁለት፤ እሱም 12 ነው። ሀዲይሳና ከምባትኛ በላቲን ፊደል እንደሚጻፉ አስታውሱና ትምህርት ቤት ስሙን በላቲን የጻፈውን ወጣት ጨምሩበት።

«ታዲያ ሁሉንም ወደ አንድ ፊደል መቀየር ነዋ!» ትሉ ይሆናል። እኔም ያልኩት ይህንን ነው። ግን «ሠረቀ» እና «ሰረቀ» ምን እንደሚለያዩ የአማርኛ መምህራችሁን ጠይቁ፤ አንዱ ወጣ፣ አንዱ ወሰደ። ከዚያም በላይ ሰው ስሙን በመረጠው ፊደል ሲጻፍለት ደስ ይለዋል። መፍትሔው ሁለት ዓምድ መያዝ ሆነ፤ አንዱ ሰውየው እንደሚጽፈው፣ ሌላው ተመሳሳይ ድምፆችን ወደ አንድ ያመጣና ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል።

ቀጥሎ ቀኑ መጣ። ጸሐፊው ጥቅምት 30 ቀን የተከፈለ መዋጮ ጽፈዋል። ጥቅምት ሁለተኛ ወር ስለሆነ ኤክሴል ይህን ፌብሩዋሪ 30 አድርጎ ያየዋል። እንዲህ ያለ ቀን ለእሱ ስለሌለ ተራ ጽሑፍ አድርጎ ያስቀምጠዋል፤ በቀን ቅደም ተከተል ስደረድር ያ መዋጮ ቦታውን ይስታል። ጳጉሜ ደግሞ የባሰ ነው። 13ኛ ወር የሚባል ነገር ለኤክሴል የለም። 3/13/2009 ብዬ ጳጉሜ 3ን ስጽፍ ወር በሚያስቀድመው የአሜሪካ አጻጻፍ ተረድቶ ማርች 13 አደረገው። ስህተት አለ ብሎ ቢጮህ ይሻል ነበር፤ ዝም ብሎ ቀየረው።

ሦስተኛው ግን ኮምፒውተር የማይፈታው ነው። ሁለት ቦታ የተጻፈ አንድ ዓይነት ስምና የአባት ስም አገኘሁ። አንድ ሰው ነው ወይስ ሁለት? ጋሼን ጠየቅኳቸው። ሳቁና «አንደኛው አርፏል፤ ልጁ በሱ ቦታ ገብቶ ነው፤ ግን መዋጮው እንዲቆጠርለት በአባቱ ስም ይከፍላል» አሉኝ። እድሩ እንዲህ የሚል ደንብ አለው። ደብተሩ ላይ አልተጻፈም፤ ጋሼ ጭንቅላት ውስጥ ነው ያለው።

የተማርኩትን ልቁጠር። ልዩ መለያ ቁጥር ለምን እንደሚያስፈልግ፣ ዳታን ማጽዳት ምን እንደሆነ፣ የዘመን አቆጣጠር ቅየራ፣ የፊደል አወካከል፣ ከተጠቃሚ መስፈርት መሰብሰብ። አምስቱም በትምህርት ዝርዝሬ ላይ ነበሩ፤ በአምስቱም ተፈትኛለሁ። ለምን እንደሚያስፈልጉ የነገረኝ ግን መዝገቡ ነው። የጤና ጣቢያው ሲስተማችንም ስም በትክክል ካልተጻፈ ካርዱን አያገኝም ነበር፤ ይህን ሳናውቅ «ኤ» ወሰድን።

ተቃዋሚዎቹም እውነት አላቸው

እስካሁን ያልኩትን ሰምቶ «እንግዲያው ሌክቸር ይቅር፣ ሁሉም ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ እድር ቤት ይሂድ» የሚል ካለ ይታገስ። እ.ኤ.አ. በ2006 ኪርሽነር፣ ስዌለርና ክላርክ የተባሉ ሦስት ምሁራን ይህን ዘዴ ክፉኛ የተቸ ጽሑፍ አሳተሙ። መነሻቸው የአእምሮ አቅም ነው። ሰው በአንድ ጊዜ ሊይዝ የሚችለው አዲስ ነገር ጥቂት ነው። ጀማሪን ሰፊ ችግር ውስጥ ብትጥሉት አቅሙን በመፈለግ ይጨርሳል፤ የሚማርበት አይተርፈውም። ለጀማሪ የሚሻለው ተሠርቶ ያለቀ ምሳሌ ነው ይላሉ። በዓመቱ ሌሎች ተመራማሪዎች መልስ ሰጡ፦ በደንብ የተመራ ችግር ተኮር ትምህርት መምህሩ ዝም ብሎ የሚያይበት አይደለም፤ ድጋፍ አለው አሉ።

ማስረጃውም ድብልቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የቤልጂየምና የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች 43 ጥናቶችን አንድ ላይ መዝነው ነበር። በችግር የተማሩት ዕውቀትን ሥራ ላይ በማዋል በልጠው ተገኙ። በዕውቀት ፈተና ግን ብልጫ አላሳዩም፤ እንዲያውም በትንሹ ወደ ማነስ ያዘነብሉ ነበር። በሌላ በኩል የተማሩትን ለረጅም ጊዜ ያስታውሱ ነበር።

ለኮምፒውተር ተማሪ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ፕሮግራሚንግ ለጀማሪ ከባድ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2014 የ15 አገሮችን ኮርሶች ያነጻጸረ ጥናት በመግቢያው የፕሮግራሚንግ ኮርስ ከሦስት ተማሪ አንዱ ገደማ እንደማያልፍ አሳይቷል። ተደጋጋሚ ትእዛዝ መጻፍ ያልቻለን ልጅ የእድር መዝገብ ብትሰጡት የሚማረው ተስፋ መቁረጥ ነው። ስለዚህ ጭነቱ ቀስ በቀስ ይጨመር። መጀመሪያ የተሠራ ምሳሌ፣ ቀጥሎ ግማሹ የጎደለ ኮድ፣ ቀጥሎ አነስተኛ ችግር፣ መጨረሻ ላይ ባለቤት ያለው ችግር። የኛ ስህተት የመጨረሻውን ደረጃ በወርቃማ ጥራዝ መተካታችን ነው።

የመውጫ ፈተናውስ?

በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ አገር አቀፍ የመውጫ ፈተና ለመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች ተጀመረ። በመጀመሪያው ዙር ከተፈተኑት ያለፉት 40 በመቶ ገደማ ነበሩ። ፈተናውን የምጠላ ሰው አይደለሁም። ከሌላ ሰው ላፕቶፕ ኮድ ኮፒ አድርጎ መመረቅ ይቻል እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን፤ ፈተናው ይህን በር ጠበብ አድርጎታል።

ግን ፈተናው የሚያየው መልስ መምረጥን ነው። ጥያቄው ተዘጋጅቶ፣ አማራጮቹ ተደርድረው ይመጣሉ። ማለፊያው ይህ ሲሆን የመጨረሻው ዓመት ጉልበት ወዴት እንደሚሄድ ግልጽ ነው፤ ፕሮጀክቱ ከፈተና ንባብ የሚተርፍ ጊዜ ይሰጠዋል።

ተመሳሳይ ነገር በሌላኛው ጫፍም አለ። እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ አዲስ አበባ ላይ «ኤቱኤስቪ» የተባለው ድርጅት ተማሪዎችን በቡድን የአልጎሪዝም ጥያቄ በማሠራት ታላላቅ የዓለም ኩባንያዎች ደጃፍ አድርሷል። የሚደነቅ ሥራ ነው። እዚያም ግን ችግሩ ተጠርቦ፣ ትክክለኛው ውጤት ከነመመዘኛው ይመጣል። ለቃለ መጠይቅ ፍቱን ነው። «መዋጮው በአባቱ ስም ይከፈላል» የሚለውን ደንብ ከጋሼ አፍ ማውጣት ግን ሌላ ችሎታ ነው። ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ አንዱን ሌላው አይተካውም።

ሥራውስ የታለ?

አሁን ከባዱ ጥያቄ። ይህ ሁሉ ሥራ ያስገኛል ወይ?

«የመቀጠር ብቃት» የሚለው ቃል ያናድደኛል፤ ጥፋቱን ሁሉ ተመራቂው ላይ ይጥላል። አንድ ልጅ ብቁ ሆኖ ቀጣሪ ሊያጣ ይችላል። ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ሆሳዕና ላይ ነው፤ ዱራሜም ካምፓስ አለው። በሆሳዕና፣ በዱራሜ፣ በሾኔ፣ በሺንሺቾ ዲግሪ የያዘ ወጣት ሞልቷል። ሶፍትዌር የሚሠሩ ድርጅቶች ግን በአብዛኛው አዲስ አበባ ናቸው። እዚህ የሚቀጥረው የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ባንክና ትምህርት ቤት ነው።

ይህ ሲጠብ ወጣቱ ወዴት እንደሚያይ የሃዲያና የከምባታ ሰው አይጠየቅም። ደቡብ አፍሪካ። ከየሰፈሩ የሄደ አለ፤ ያልደረሰም አለ። እ.ኤ.አ. በማርች 2020 በሞዛምቢክ ቴቴ ግዛት በአንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ 64 ሰዎች ታፍነው ሞተው ተገኙ፤ ኢትዮጵያውያን ናቸው ተባለ። ያን ዜና በሰማንበት ሰሞን ስልክ እየደወለ ያላለቀሰ ቤት ጥቂት ነው። ስለዚህ ለእነዚህ ወጣቶች «የማስተማሪያ ዘዴ ቀይረናልና ሥራ ታገኛላችሁ» ማለት አልደፍርም። የማስተማሪያ ዘዴ ክፍት የሥራ ቦታ አይፈጥርም።

ሊያደርግ የሚችለው ከዚያ ያነሰ ነገር ነው፤ ዋጋ ቢስ ግን አይደለም። ባለቤት ያለው ችግር የፈታ ተማሪ ሥራውን ያየለት ሰው አለው። ለጤና ጣቢያው የሠራ ተማሪ የጤና ጣቢያው ኃላፊ ስሙን ያውቃል። ከተሞቻችን ደግሞ ችግር አላነሳቸውም። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት መሥሪያ ቤቶቹ በተለያዩ ከተሞች ተከፋፍለው ተቀመጡ፤ ሆሳዕናም አንዷ ናት። አዲስ መሥሪያ ቤት ማለት አዲስ መዝገብ፣ አዲስ ፋይል፣ በሦስት ቋንቋና በሁለት ፊደል የተጻፈ ስም ማለት ነው። ይህን የሚያስተካክል ሰው ከውጭ አይመጣም፤ ሃንዲሶ በስንት መንገድ እንደሚጻፍ አያውቅማ።

ምን ይደረግ?

ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ የመመረቂያ ፕሮጀክት ርዕስ ከመጽደቁ በፊት ተማሪው የችግሩ ባለቤት ጋ ቢያንስ አንድ ሳምንት ይቀመጥ፤ ኮድ ሳይጽፍ። ሁለተኛ፣ ፕሮጀክቱ በሚቀርብበት ቀን ባለቤቱ ይጠራ፤ ነጥብም ይስጥ። «ይህ እኔን አያግዘኝም» የማለት መብት ይኑረው። ሦስተኛ፣ እያንዳንዱ ባች ከዜሮ መጀመሩ ይቅር። ያለፈው ባች የሠራውን የዘንድሮው ያስተካክል፤ የሶፍትዌር ሥራ ትልቁ ክፍል ሌላ ሰው የጻፈውን ኮድ አንብቦ መጠገን ነው።

ወጪው ቀላል እንዳይመስላችሁ። ስልሳ ተማሪ የያዘ መምህር ስምንት ቡድን በየሳምንቱ ማነጋገር አለበት፤ ይህ ከሌክቸር በላይ ጊዜ ይበላል፤ በደመወዙም በሥራ ሰዓቱም ሊቆጠርለት ይገባል። የሰው መረጃ ተማሪ ላፕቶፕ ላይ ሲገባ ደግሞ ሚስጥር መጠበቅን ከኮዱ በፊት ማስተማር ግድ ነው። የእድር መዝገብ ማን ገንዘብ እንዳጠረው ያሳያል።

እናንተ አሁን ተማሪ የሆናችሁ ሥርዓቱ እስኪለወጥ አትጠብቁ። በክረምት ቤተሰብ ጋ ስትሄዱ አንድ ደብተር ያለው ሰው ፈልጉ፤ እድር፣ ቁጠባ ማኅበር፣ የእህል መጋዘን። መጀመሪያ ተቀምጣችሁ እዩ። የማታውቁትን ጻፉ።

የጋሼ እድር ዝርዝር ዛሬም በየወሩ እየታተመ ይወጣል። ወፍራሙን ደብተር ግን አልጣሉትም፤ ጎን ለጎን ይጽፉበታል። ባለፈው ስጠይቃቸው «መብራት ሲጠፋስ?» አሉኝ። ልክ ናቸው፤ እኔ ያላሰብኩት ነገር ነው፤ አሁን እሱ ላይ እየሠራሁ ነው።